ግሪክና ሮም፤ የማን ቅርስ?

አንድ ሕዝብ የሌላውን ሕዝብ ጥንታዊ ባህል ለማጥናት በሚነሣበት ጊዜ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለምን?» የሚለው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሥነ ጽሑፍና ድራማ ሳስተምር፣ የጥንት ግሪክና ሮም ባህል ተራ በደረሰ ቁጥር ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የቀረበት ክፍል አላጋጠመኝም። ጠያቂዎቹም ከትምህርት ለመሸሽ ሰበብ የሚፈልጉ ሰነፎች አልነበሩም፤ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ የሚያነቡት፣ ከሁሉ ይበልጥም ለሀገራቸው የሚቆረቆሩት ወጣቶች ነበሩ። «ገበሬያችን ዛሬም በሬ ጠምዶ ደመና በሚጠብቅበት ሀገር፣ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት በአቴና የተጻፈ ድራማ ማጥናት ምን ይፈይዳል? የራሳችን ቅኔ፣ የራሳችን ተረት፣ የራሳችን ዜማ ገና በቅጡ ሳይጠና የባዕድ አማልክት ስም መሸምደድ ተገቢ ነውን?» ይሉ ነበር። ጥያቄው የጥቅምም የክብርም ጥያቄ ነው። ስለሆነም ደወል ሲደወል ተቋርጦ ለሚቀር የክፍል ውስጥ መልስ ብቻ ሊተው አይገባውም።

በዚህ ረገድ ሁለት ዝግጁ መልሶች ሲሰጡ ሰምቻለሁ። አንደኛው የአድናቂዎች መልስ ነው። ሥልጣኔ ማለት ግሪክና ሮም ነው፤ ፍልስፍናውም፣ ሕጉም፣ ትያትሩም፣ ሕንፃውም ከዚያ የመነጨ ነውና መሠልጠን የሚፈልግ ሁሉ በዚያ በር ይለፍ ይላል። ሁለተኛው የተቃዋሚዎች መልስ ነው። ይህ ባህል በባሪያ ጉልበት ላይ የቆመ የገዥ መደብ ባህል ነው፤ በኋላም የቅኝ ገዥዎች መኩሪያ ሆኗል፤ ስለዚህ ከነመጻሕፍቱ ይቅርብን ይላል። ሁለቱ መልሶች በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም የግሪክንና የሮምን ቅርስ ለምዕራብ አውሮፓ ብቻ በርስትነት አጽድቀው ይሰጣሉ። አንደኛው በርስቱ ደጃፍ ተንበርክኮ ይለምናል፣ ሌላው ከደጃፉ ቆሞ ይራገማል። የርስቱን ሰነድ ግልጦ ያየ ግን ከሁለቱም የለም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማድረግ የምፈልገው ይህንኑ ሰነድ መግለጥ ነው።

ምርመራውን ከቅርብ፣ ከራሳችን አፍና ከራሳችን ጣት እንጀምር። በየቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር የሚማር ሕፃን ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ ቁጥር ሲጽፍ የግሪክ ፊደል እየጻፈ መሆኑን አያውቅም። ግሪኮች ቁጥራቸውን በፊደላቸው ይጽፉ ስለ ነበር ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ የተገኙ ናቸው። ዓመቱ አልቆ አዲሱ ዘመን ከመጥባቱ በፊት የምንቆጥራቸው አምስት ወይም ስድስት ቀናት የሚጠሩበት «ጳጉሜን» የሚለው ስም ተጨማሪ ቀናት ለማለት ግሪኮች ከሚጠቀሙበት ቃል የመጣ ነው። ወንጌል የምሥራች፣ ጳጳስ አባት፣ ዲያቆን አገልጋይ ማለት ነው፤ ሦስቱም ግሪክኛ ናቸው። እናቶቻችን ቡና የሚያቀርቡበት ጠረጴዛ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። «ጰ» እና «ፐ» የተባሉት ሁለት ሆሄያት በፊደል ገበታችን ላይ የተጨመሩት የግሪክ ቃላትን ለመጻፍ ባስፈለገ ጊዜ ነው። የላቲኑን ከተመለከትን ደግሞ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የተጠሩበት «ካድሬ» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ በኩል ዞሮ የመጣ፣ ሥሩ አራት ማዕዘን ማለት የሆነ የላቲን ቃል ነው። «ፕሮሌታሪያት» ደግሞ በጥንታዊት ሮም ከልጆቹ በቀር ለመንግሥት የሚያስመዘግበው ሀብት ያልነበረው ዜጋ መጠሪያ ነበር። ለመቃወም ያነሣነው ቃል እንኳ ከዚያው የተገኘ መሆኑን ማወቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሰው ልጅ አሳብ ድንበር የማያውቅ መንገደኛ መሆኑን የሚያስረዳ ነው እንጂ።

ከቃላት አልፈን ወደ ድንጋይ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ኢዛና የድል ታሪኩን በአክሱም ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው በሦስት መልክ ነው፤ በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ። በግእዙ መሕረም ለሚባለው አምላክ ልጅነቱን ሲናገር፣ በግሪክኛው የዚያኑ አምላክ ስም አሬስ ብሎ አስጽፎታል። ግእዙ ሐበሠት የሚለውን ሕዝብ ግሪክኛው ኢትዮጵያውያን ይለዋል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ቁም ነገር አለ። ንጉሡ መሕረምን ጥሎ አሬስን አላመለከም፤ ለባሕር ማዶ ነጋዴና ለመልእክተኛ የሚገባውን ስም ለባሕር ማዶው ሰው፣ ለሕዝቡ የሚገባውን ስም ለሕዝቡ ሰጠ። ግሪክኛ ለእርሱ መሣሪያ ነበር። በገንዘቡም ላይ ያው አሠራር ይታያል፤ ከ3ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በተመቱት የአክሱም ሳንቲሞች ላይ በውጭ ንግድ የሚዘዋወረው ወርቅ የግሪክ ጽሑፍን ሲይዝ፣ በሀገር ውስጥ የሚመነዘረው ብርና መዳብ ቀስ በቀስ ወደ ግእዝ ተመልሷል። ከመዳቦቹ በአንዳንዶቹ ላይ ይህ ነገር ሀገሩን ደስ ያሰኝ የሚል መልእክት በግሪክኛ ተቀርጾ ይገኛል። ሌላው ነገሥታት ኃይላቸውንና ዘራቸውን በሚያውጁበት በዚያ ዘመን ሕዝቡን ደስ ለማሰኘት የሚመኝ ገንዘብ ማስመታት የራሱ የሆነ ድምፅ ያለው ሥራ ነው።

ከዚያም አስቀድሞ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ስሙ ያልታወቀ አንድ የግሪክ ነጋዴ በጻፈው የመርከበኞች መመሪያ ውስጥ አዱሊስ ከነንግዷ ትነሣለች። ጸሐፊው በዚያ አካባቢ ይገዛ ስለ ነበረው ስለ ዞስካለስ ሲናገር ለገንዘቡ ሳሳተኛ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ግን ጨዋ፣ የግሪክንም ጽሑፍ የተማረ ሰው መሆኑን ይመሰክራል። እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር የግሪክ ትምህርት የተጀመረው በዘመናዊ ትምህርት ቤት አይደለም። ዕድሜው ከሁለት ሺህ ዓመት እምብዛም አያንስም።

መጻሕፍቱም እንዲሁ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዋናው ከግሪክኛ ነው። የእንስሳትንና የአዕዋፍን ጠባይ ከምሳሌያዊ ትርጓሜ ጋር የሚያቀርበው «ፊሳልጎስ» በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ተተርጉሟል። በ16ኛው መቶ ዓመት አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ባቀረቡት «መጽሐፈ ፈላስፋ» ውስጥ ሶቅራጥስ፣ አፍላጦንና አሪስጣጣሊስ በየገጹ ይናገራሉ። የመቄዶንያው እስክንድር በግእዙ ታሪክ ውስጥ ጾመኛና ጸሎተኛ የክርስቲያን ንጉሥ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን የሚያነብ የዘመኑ ተማሪ ይስቅ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ነገሩ ትልቅ ትምህርት አለው። የቀድሞ ተርጓሚዎቻችን የሌላውን መጽሐፍ ሲቀበሉ እንደ ዕቃ ከነማሸጊያው አላስቀመጡትም፤ አቡክተው፣ አብስለው፣ ለራሳቸው ማዕድ የሚሆን እንጀራ አደረጉት። ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ባሳተሟቸው የኢትዮጵያ ፍልስፍና ጥራዞች ያጎሉት አንዱ ነጥብ ይኸው ነው፤ ኢትዮጵያዊው ተርጓሚ የሚጨምርና የሚቀንስ፣ የራሱንም መንፈስ የሚያሳድር ደራሲ ጭምር ነበር።

ሕጉን በተመለከተ አጭር ማስታወሻ ይበቃል። ለብዙ ዘመን የፍርድ መሠረታችን የነበረው «ፍትሐ ነገሥት» በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ፍትሐ ብሔሩን ከሚያቀርበው ክፍል ብዙው የምሥራቅ ሮም ነገሥታት ያወጡት ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በሌላ መንገድ ከዚያው ከሮማ ሕግ ምንጭ የቀዳ ነው። ስለዚህ በወረዳ ፍርድ ቤት ስለ ውርስ የሚከራከሩ ሁለት ወንድማማቾች ስሟን ሳያነሡ በሮም ሕግ እየተሟገቱ ነው ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት የሚያኮራውን ነው። የሚያመውን ካልጨመርኩ ግን ምስክርነቴ ጎደሎ ይሆናል።

አባቴ በ1928 ዓ.ም. የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሳሉ ወደ ማይጨው ዘምተዋል። ሠራዊቱ ከሽንፈቱ በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያፈገፍግ ከአይሮፕላን የወረደው የመርዝ ጋዝ ግራ ክንዳቸውንና አንገታቸውን አቃጥሎታል። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ እጅጌው አጭር የሆነ ልብስ አልለበሱም። በቤታችን «ሮማ» የሚለው ስም የከተማ ስም አልነበረም፤ የዚያ ቁስል ስም ነበር። ስለ ሮማውያን ታሪክ የያዝኩትን መጽሐፍ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት፣ «አንተ ልጅ፣ የነዚህን ሰዎች ነገር ደግሞ በወረቀት ታመጣብኛለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልስ ያጣሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ፋሽስቱ ጣልያን ሀገራችንን ሲወር የጥንቷን ሮም ስም እንደ ጌጥ ብቻ አልተጠቀመበትም፤ የወረራው ማመካኛ አድርጎታል። የድርጅቱ ስም ራሱ የሮም ሹማምንት በሚሄዱበት ሁሉ ከፊታቸው ይሸከሙላቸው ከነበረው፣ መጥረቢያ ከመካከሉ ከገባበት የበትር ነዶ የተወሰደ ነው። ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ከቬኔስያ ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ሆኖ የሮም ግዛት ዳግመኛ መነሣቱን ለሕዝቡ አወጀ። ከኮሎሴየም አጠገብ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ግድግዳ ላይ የጥንቷ ሮም ግዛት እየሰፋ መሄዱን የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች እ.ኤ.አ. በ1934 ተሰቅለው ነበር፤ በ1936 አምስተኛው ተጨመረ። በአምስተኛው ካርታ ላይ ኢትዮጵያ የሮም ግዛት ሆና ታይታለች። ካርታው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቦታው ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ የአውግስጦስ ቄሣርን ሁለት ሺህኛ ዓመት ልደት ምክንያት በማድረግ ስለ ሮማዊነት ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ታሪክ ጸሐፊው፣ አርኪዮሎጂስቱ፣ ቀራጩ፣ አናጢው ሁሉ ለአንድ ውሸት ተሰለፉ።

በዚያው ዓመት የአክሱም ሐውልት ተወሰደ። 24 ሜትር ያህል ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ይህ ድንጋይ በጥንታዊው የሮም የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ጫፍ፣ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ደጃፍ ቆመ። ቦታው ያለ አሳብ የተመረጠ አልነበረም። በዚያው ሜዳ አውግስጦስ ግብጽን ካሸነፈ በኋላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10 ዓመት ከግብጽ ያስመጣውን ሐውልት አቁሞበት ነበር። በ357 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቄሣር ቆስጠንጢዮስ ሌላ የግብጽ ሐውልት በዚያው አቆመ። ይህ ቆስጠንጢዮስ ደግሞ በዚያው ጊዜ ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ቄሣር ነው። ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ልከው በርሱ ወገን ባሉ ጳጳሳት እንዲያስመረምሩት ሲጠይቃቸው «ወንድሞች» ብሎ ነበር የጠራቸው። እንደ ትውፊታችን ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ ተብሎ ጳጳሳችን እንደ ሆነ ቀረ። ሮም በኃይሏ ዘመን አክሱምን ወንድም ብላ ስትጽፍ፣ የሮም ወራሽ ነኝ ያለው ግን ከ1580 ዓመት በኋላ የአክሱምን ድንጋይ የምርኮ ምልክት አድርጎ በዚያው ሜዳ ጫፍ አቆመው። የፋሽስቶቹ ትልቁ ድንቁርና እዚህ ላይ ነው፤ ወራሽ ነን ያሉትን ታሪክ እንኳ በቅጡ አላነበቡም። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ ቢገባባትም ሐውልቱ ወደ ሀገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቦታው ቆመ። አባቴ ያንን ለማየት አልታደሉም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የእነዚህን ሰዎች መጻሕፍት ማንበብ ለምን አስፈለገ? መልሱን ያገኘሁት ከራሳቸው ከጥንት ደራሲዎች ነው። ወራሪዎች የሮምን ሰይፍና ሐውልት አነሡ እንጂ የሮምንና የግሪክን ሕሊና አላነሡም። ታሲተስ የሮም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበር፤ የሚስቱም አባት ብሪታንያን የገዛ የጦር አዛዥ ነው። ስለዚሁ አማቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ግን ለተራራማው ሀገር ሰዎች መሪ ረጅም ንግግር ሰጥቶታል። በዚያ ንግግር ሮማውያን የምድር ዘራፊዎች ተብለው ይከሰሳሉ፤ ሰላም የሚሉት ነገር ባዶ ያስቀሩት ምድር መሆኑ ይነገራቸዋል። ይህን የጻፈው የተወረረው አይደለም፤ የወራሪው አማች ነው። ከርሱም በፊት በማራቶን ጦር ሜዳ የተዋጋው ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ472 «ፋርሳውያን» የተባለውን ድራማ ሲያቀርብ በመድረኩ ላይ አንድም ግሪካዊ ጀግና አላቆመም። ከስምንት ዓመት በፊት አቴናን ያቃጠሉትን የፋርስ ሰዎች ለቅሶ ለአቴና ሕዝብ አሰማ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የዩሪፒደስ «የትሮይ ሴቶች» ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 የአቴና ጦር ሜሎስ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ከብቦ አስገበረ፤ ወንዶቹን ገደለ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን በባርነት ሸጠ። በተከታዩ ዓመት በ415 የጸደይ በዓል ላይ ዩሪፒደስ ይህንኑ ድርጊት በፈጸሙት ሰዎች ፊት፣ ትሮይ በተያዘች ማግሥት ምርኮኛ ሴቶች ለጌቶች ሲታደሉ የሚያሳይ ድራማ አቀረበ። የሟቹ ጀግና የሄክቶር ትንሽ ልጅ አድጎ እንዳይበቀል ተብሎ ከግንብ ላይ ተወርውሮ ይሞታል፤ ሬሳውን በአባቱ ጋሻ ላይ አድርገው ያመጡታል፤ አሮጊቷ አያቱ ገንዛ ትቀብረዋለች። በውድድሩ ዳኞቹ አንደኛውን ሽልማት አልሰጡትም። ድራማው ግን ከሽልማቱም ከዳኞቹም፣ ከአቴናም ኃይል ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ።

ይህን ታሪክ በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ ማታ ለአባቴ ተረኩላቸው። የተማረ ሰው ትንታኔ አልጨመርኩበትም፤ እንደ ተረት ነው የነገርኳቸው። ሕፃኑ ከግንቡ በተወረወረበት ላይ ስደርስ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና ተከታዮቹ ሁለት ቀናት በአዲስ አበባ ያስከተሉትን የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ሩቅ ወሬ ሊሰማው አይችልም። ተረኩን ከጨረስኩ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ይህን የጻፈው ከአሸናፊዎቹ ወገን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አዎን፣ አባባ» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነማ ከነሱም ውስጥ ሰው ነበረባቸው» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «የኛዎቹስ? እኛ ያሸነፍነውን ሰው ለቅሶ የጻፈ አለ?» ብለው ጨመሩ። የመጀመሪያው አነጋገራቸው ለምን ግሪክን እናጠናለን ለሚለው የተማሪዎቼ ጥያቄ ከሰጠሁት መልስ ሁሉ የበለጠ መልስ ነው። ሁለተኛው ግን ለእኛ ለደራሲዎችና ለትያትር ሰዎች የተተወ ዕዳ ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በሀገራችን ወንድም በወንድሙ ላይ የዘመተባቸውን ጦርነቶች ላስታወሰ ሰው ይህ ዕዳ አሁንም አልተከፈለም። የራሱን ጀግና የሚያወድስ ብዙ ነው፤ የተቃራኒውን እናት ለቅሶ በራሱ መድረክ ላይ የሚያሰማ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ስል የጥንቱን ኅብረተሰብ ማስዋቤ አይደለም። የአቴና ዴሞክራሲ ሴቶችን፣ መጻተኞችንና ባሮችን ከጉባኤው አግልሏል። የአቴና መርከቦች የተሠሩበት ብር በላውሪዮን ጉድጓዶች ባሮች ቆፍረው ያወጡት ነበር። ታላቁ አሪስጣጣሊስ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎ ጽፏል። ሮም ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ73 እስከ 71 በስፓርታከስ መሪነት የተነሡትን ባሮች ከጨፈጨፈች በኋላ ከምርኮኞቹ 6000 የሚሆኑትን ከካፑዋ እስከ ሮም በሚወስደው መንገድ ዳር ሰቅላለች። በሀገራችን ባርነት በዐዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን የምናውቅ እኛ ይህን የምናነበው ሌላውን ለመክሰስ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የራሳችንንም መዝገብ መግለጥ ይኖርብናል።

ሆኖም የተጨቆነው ወገን ራሱ ይህንን ቅርስ አልጣለውም። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1841 የዶክትሬት ጽሑፉን ያዘጋጀው በዴሞክሪጦስና በኤጲቆሮስ ፍልስፍና ላይ ነበር፤ ለስፓርታከስም ከፍ ያለ አድናቆት ነበረው። በጀርመን ጦርነቱን የተቃወሙ ሶሻሊስቶች እ.ኤ.አ. በ1916 የስፓርታከስን ስም ለድርጅታቸው ሰጡ፤ አርሜናዊው ካቻቱሪያን የደረሰው «ስፓርታከስ» ባሌት በ1956 በሌኒንግራድ ለመድረክ በቃ። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1857 በተወው ረቂቅ ውስጥ ያነሣው አንድ ጥያቄ ደግሞ ዛሬም ያከራክራል፤ የግሪክ ኪነ ጥበብ ከጥንታዊ የኑሮ ሁኔታ ጋር መያያዙን መረዳት ቀላል ነው፣ አስቸጋሪው ያ ኑሮ ካለፈ በኋላ ጥበቡ እስከ ዛሬ ደስ የሚያሰኘን ስለ ምንድን ነው የሚለው ነው። እርሱ መልሱን በሰው ልጅ የልጅነት ዘመን ውበት ውስጥ ፈልጎታል። እኔ ግን አባቴን ካዳመጥኩ በኋላ ሌላ መልስ አስባለሁ፤ ጥበቡ የሚኖረው ጌትነቱን ስላሳመረ ሳይሆን በጌትነቱ መካከል ጌትነቱን የሚከስ ድምፅ ስላስቀረ ነው።

ይህን ድምፅ ደግሞ አፍሪቃውያን በሚገባ ሰምተውታል። ናይጄሪያዊው ኦላ ሮቲሚ እ.ኤ.አ. በ1968 የሶፎክልስን ኤዲፐስ ወደ ዮሩባ ምድር አምጥቶ የንጉሡን ጥፋት ከጎሣ ጥላቻ ጋር አገናኘው። ወሌ ሾዪንካ በ1973 የዩሪፒደስን «ባካይ» ከኦጉን አምልኮ ጋር አዋሕዶ እንደገና ጻፈ። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪቃ አቶል ፉጋርድ፣ ጆን ካኒና ዊንስተን ንትሾና «ደሴቱ» በተባለው ድራማቸው ሁለት እስረኞች የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ሲያጠኑ አሳዩ። ኔልሰን ማንዴላም በሮበን ደሴት እስር ቤት ይኸው ድራማ ሲቀርብ የንጉሡን የክሬዎንን ክፍል መጫወታቸውን በግለ ታሪካቸው ተናግረዋል። በእኛም ሀገር ከበደ ሚካኤል ከጠላት ወረራ በኋላ በጻፉት የግጥም ድራማ የመረጡት ጀግና ከሮም ጄኔራሎች አንዱን አልነበረም። ሮምን በገዛ ምድሯ ያስጨነቀውን የአፍሪቃ ልጅ አኒባልን መረጡ። የሮምን ታሪክ ያላጠና ሰው እንዲህ ያለውን ምርጫ ሊመርጥ አይችልም።

በርስቱ ሰነድ ላይ የእኛ አህጉር ስም በብዙ ቦታ ተጽፎ እናገኛለን። በላቲን ኮሜዲ ስመ ጥሩው ቴሬንስ ከካርታጎ ወደ ሮም በባርነት የመጣ አፍሪቃዊ ነበር። የምድርን ዙሪያ የለካው ኤራቶስቴኔስ የቄሬና ተወላጅ፣ የእስክንድርያም ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ቄሣር ሴፕቲሞስ ሴቬሮስ የተወለደው በዛሬይቱ ሊቢያ ነው። የግሪክን ሳይንስና ፍልስፍና ለአውሮፓ ካቆዩት መካከልም በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የሠሩት ሶርያውያንና ዐረቦች ግንባር ቀደም ናቸው። በአንጻሩ ራሳችንን እንዳንደልል መጠንቀቅ ይገባናል። ሆሜር ስለ ኢትዮጵያውያን ሲያነሣ የምናውቀውን ሀገር ወሰን አልለካም፤ የጥንት ግሪኮች ይህን ስም በብዛት ከግብጽ በስተ ደቡብ ላሉ ሕዝቦች ሁሉ፣ በተለይም ለኩሽ ሰዎች ይሰጡ ነበር። ስሙን ለራሱ ወስዶ በድንጋይ ላይ ያጸናው ኢዛና ነው። ክብራችን በሆሜር ሙገሳ ላይ ሳይሆን በኢዛና ሥራ ላይ ይቁም።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ነው። የኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት የመጡት ጀርመኖች ይገኙበታል፤ ሥራቸው በ1913 ታትሟል። በአዱሊስ ቆሞ የነበረው ሌላ የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ ድንጋዩ ጠፍቶ የቀረልን፣ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አፄ ካሌብ ወደ ደቡብ ዐረብ ለመዝመት በሚዘጋጁበት ጊዜ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ስለ ገለበጠው ብቻ ነው። ለነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የአባቱን ደብዳቤ ዘወትር ለጎረቤት እየሰጠ የሚያስነብብ ልጅ፣ ጎረቤቱ ቅን ቢሆንም እንኳ ወራሽነቱ ሙሉ አይደለም።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን ለመምህራን፣ ለኪነ ጥበብ ሰዎችና ለባህል ሥራ ኃላፊዎች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ግእዝ በሚሰጥባቸው ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ግሪክኛ ጎን ለጎን ይሰጥ። የግእዝን መጽሐፍ ቅዱስ በቃሉ የያዘ የቅኔ ተማሪ ለግሪክኛ ከማንም የውጭ ተማሪ ይልቅ ቅርብ ነው፤ ብዙው ቃልና ስም አስቀድሞ በጆሮው አለ። ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝኛ ከተገለበጠው እንደገና መገልበጡ ቀርቶ የመርከበኞቹ መመሪያ፣ የአክሱም የግሪክኛ ጽሑፎችና ቢያንስ ጥቂት ድራማዎች ከምንጫቸው ወደ አማርኛና ወደ ሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች ይመለሱ። ተርጓሚዎቹም እንደ አባ ሚካኤል የሚያበስሉ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ትያትር ቤቶቻችን «የትሮይ ሴቶች»ን ለመድረክ ያብቁ፤ የሚያለቅሱት እናቶች የማን እናቶች እንደ ሆኑ ለተመልካች መንገር አያስፈልግም፣ ተመልካች ራሱ ያውቃቸዋል።

የግሪክና የሮም ቅርስ የአውሮፓ ብቻ ነው የሚለውን የሐሰት ሰነድ መቅደድ የሚቻለው በመፎከር አይደለም፤ በማንበብ ነው። ኢዛና ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት በአንድ ድንጋይ ላይ የራሱንም የሌላውንም ቋንቋ አስተካክሎ ሲያስቀርጽ አልፈራም። እኛም ፊደሉን ከቆጠርን ድንጋዩን ያለ አስተርጓሚ እናነበዋለን።